እንደ ሻማ ቅለጡ አትበሉን

ይድረስ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርዶችና ሥራ አስኪያጆች፣ ለለጋሾች፣ እንዲሁም "እናንተማ ለነፍሳችሁ ነው የምትሠሩት" ለሚለን ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የሽኝት ዝግጅት ነው። 11 ዓመት አብራኝ የሠራች ባልደረባዬ ሥራ ልትለቅ ነበር። ደክማ ነው የለቀቀችው፣ ሌላ ምክንያት የላትም። መድረክ ላይ የወጡት ሁሉ ተራ በተራ አመሰገኗት። አንዱ "እንደ ሻማ ቀልጣ ለሌሎች ያበራች" ሲላት ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ አለቀሰች። ብዙዎቹ የደስታ እንባ መሰላቸው። አጠገቧ ስለነበርኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በማግስቱ ስንገናኝ "ሻማ እኮ ካለቀ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

"እንደ ሻማ" መባል በእኛ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው። ለመምህር ይባላል፣ ለነርስ ይባላል፣ ለእኛ ለማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ደግሞ በየስብሰባው ይባላል። የሚናገረው ሰው ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው። ግን በምስጋናው ውስጥ ማለቃችን ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ሆኖ ተቆጥሯል። ሰው ሲታመም፣ ትዳሩ ሲናጋ፣ ልጆቹን በቅጡ ሳያይ ሲያድጉበት "መስዋዕትነት" ይባልና ይታለፋል። ይህ የአስተዳደር ጉድለት ነው ብሎ የሚነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ ልነሳ።

"በርንአውት" የሚለውን ቃል አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተቃጥሎ ማለቅ እንደማለት ነው። ዛሬ የባንክ ሠራተኛውም የኮምፒውተር ባለሙያውም ሲማረር ይጠቀምበታል። የመጣበትን ቦታ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ውስጥ ቀን የራሱን ሥራ እየሠራ፣ ማታ ማታ ድሆችንና የዕፅ ሱሰኞችን በነጻ በሚያክም ክሊኒክ ያገለግል ነበር። እዚያ በጋለ ስሜት ተሯሩጠው የመጡ ወጣቶች ወራት ሲያልፉ ሲደበዝዙ፣ በትንሽ በትልቁ ሲነጫነጩ፣ ሊረዷቸው ከመጡት ሰዎች ልባቸው ሲርቅ ተመለከተ። በራሱም ላይ አየው። ያየውን በ1974 ጽፎ አወጣ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት ድካም መጀመሪያ የተጠናው በጎ ሥራ በሚሠራበት ክሊኒክ፣ በእኛው ዓይነት ሰዎች ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን አሁንም ቀልጠሽ አበራሽ እያልን እናጨበጭባለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህንን ነገር በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም ሲያካትት በሽታ ነው አላለም። በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ነው ያለው። እባካችሁ ቆም ብላችሁ አስቡበት። የሥራ ቦታ ጫና። ችግሩ ያለው ሠራተኛው ጓዳ ሳይሆን ቢሮው ውስጥ ከሆነ፣ ዓመት ጠብቆ የግማሽ ቀን "ራስን መንከባከብ" ሥልጠና መስጠት፣ ከዚያ በማግስቱ ያንኑ ሰው 60 ኬዝ (የሚከታተለው ባለጉዳይ) ተሸክሞ እንዲገባ ማድረግ ምን የሚሉት እንክብካቤ ነው?

አሁን "ለነፍሳችሁ ነው" ወደሚለው ልምጣ። ይህን የሚለን ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ አንዳንዴም የራሳችን የቦርድ አባል ነው። የደመወዝ ነገር ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል። በጎ ሥራ ከሆነ ክፍያን ምን አመጣው ይላል። እኔ በጎ ፈቃደኛን ዝቅ አድርጌ አላይም። ቅዳሜውን ትቶ የሚመጣ ሰው ክብር ይገባዋል፣ ያለ እነሱም ብዙ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ቅዳሜን መስጠትና ዕድሜን መስጠት አንድ አይደለም። ዕድሜውን የሰጠ ሰው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል፣ እናቱ ሲታመሙ ያሳክማል፣ አንድ ቀን ደግሞ ያረጃል። በጎነቱ ከእነዚህ ከአንዱም አያድነውም።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሰው የሚያስታውሳት በክራይሚያ ጦርነት ፋኖስ ይዛ በሌሊት ቁስለኞችን ስትጎበኝ ነው። እሱም ያው የብርሃን ታሪክ ነው፣ ስለዚህ እንወደዋለን። ለእኔ ግን ከፋኖሱ ይልቅ የሚበልጥብኝ በ1860 ለንደን ውስጥ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የከፈተችው የነርሶች ማሠልጠኛ ነው። ነርስነት ተምረው የሚገቡበት፣ የሚከፈልበት ሙያ እንዲሆን መንገድ የጠረገው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። እሷ ራሷ ከጦርነቱ ጤናዋ ተቃውሶ ተመልሳ ዓመታት ያህል የሠራችው አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ሆና ነው። ዛሬ ነርስን "ለነፍስሽ ነውና ደመወዝ ይቅርብሽ" ብንላት ነውር ነው። ማኅበራዊ ሥራም ቢሆን ኒውዮርክ ውስጥ በ1898 በአንድ የክረምት ኮርስ ተጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ላይ ሲደርስ ግን አሁንም ሙያተኛ ሳንሆን ደግ ሰዎች ብቻ ነን።

የሄንሪ ዱናንንም ታሪክ አንሱ። የጄኔቫ ነጋዴ ነበር። በ1859 ጣሊያን ውስጥ ከተካሄደው የሶልፌሪኖ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች ያለ ረዳት ወድቀው ሲያይ የሄደበትን ጉዳይ ረስቶ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ሲያስታምም ሰነበተ። ከዚያ ያ ሐሳብ አልለቀው አለ። በ1863 ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ቀይ መስቀልን የወለደውን ኮሚቴ መሠረተ፣ በ1864 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ተፈረመ። ንግዱ ግን ተበላሸ። በ1867 ከሰረ። ከኮሚቴውም ወጣ፣ ከተማውንም ለቀቀ። ተራበ፣ ተንከራተተ፣ ስሙ ተረሳ። በ1895 አንድ ጋዜጠኛ ሃይደን በምትባል የስዊዘርላንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አግኝቶት ስለ እሱ ሲጽፍ ነው ዓለም በሕይወት መኖሩን ያስታወሰው። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእሱና ለፈረንሳዊው የሰላም ተሟጋች ለፍሬዴሪክ ፓሲ ተሰጠ። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች መጨረሻው አምሯል ይላሉ። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ከ1867 እስከ 1895 ባሉት 28 ዓመታት ላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ የት ነበርን?

ለለጋሾች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ።

"ከሰጠሁት ውስጥ ምን ያህሉ ለተረጂው ደረሰ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መጠየቃችሁ ልክ ነው። በዚህ ሥራ ሌባ የለም ብዬ አልከራከርም፣ አለ። በተረጂ ስም ኑሮውን ያደላደለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለውን ኦዲት ያድርጉት፣ ሕግ ይጠይቀው። ነገር ግን በዚያ ሰው ተናዳችሁ የቆረጣችሁት በጀት እሱን አይነካውም። የሚነካው ፊልድ ላይ ያለችውን ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) ነው። ደመወዟ "የአስተዳደር ወጪ" በሚለው መስመር ውስጥ ይገባና በመቶኛ ይለካል፣ ከዚያም "ከፍ ብሏል" ተብሎ ይቀነሳል። ተቀነሰ ማለት አራት የነበሩት ሁለት ሆኑ ማለት ነው። ኬዙ ግን አልቀነሰም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ቤት ውስጥ የተደፈረች ልጅ የሚደርሳት እርዳታ ምንድን ነው? ደብተርና ልብስ ይደርሳታል፣ እሺ። ዋናው ግን በየሳምንቱ እየመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ እስክትናገር የሚጠብቅ፣ ስትናገር የማይደነግጥ ሰው ነው። እዚህ ላይ እርዳታው ራሱ ሰውየው ነው። የእሱን ደመወዝ ከእርዳታው ለይቶ ማየት ሐኪሙን ከሕክምናው ለይቶ እንደማየት ነው።

ይህንን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። በ2013 አሜሪካ ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ለለጋሾች የሚመዝኑ ሦስት ተቋማት፣ ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ፣ በጋራ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የአስተዳደር ወጪ መቶኛ ብቻውን የድርጅትን ሥራ አይመዝንም፣ ውጤቱን እዩ ብለው ነው ለለጋሾች የተናገሩት። ሚዛኑን የያዙት ሰዎች ራሳቸው ሚዛኑ ጎደሎ ነው ሲሉ መስማት ይገባ ነበር። ዛሬም ግን በየፕሮፖዛሉ ፎርም ላይ ያቺው መቶኛ ቁጭ ብላለች።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟም ቦታዋም ይቅር። ወደ እኛ ስትመጣ 9 ዓመቷ ነበር፣ አትናገርም። ከእኔ በፊት ሁለት ሶሻል ወርከሮች ይዘዋታል፣ ሁለቱም ኮንትራታቸው አልቆ ሄደዋል። እኔ ሦስተኛው ነበርኩ። ስድስት ወር ሙሉ አብረን ሥዕል ሳልን፣ ሌላ ምንም አላደረግንም። ሪፖርት ላይ "ምን ተሠራ?" የሚለው ሳጥን ባዶ እየሆነብኝ አለቃዬ ተቆጥቶኛል፣ "ሥዕል" ብዬ መጻፍ ደግሞ ለጋሹ ፊት አይቀርብም ተባልኩ። በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ቀለሙን አስቀምጣ ማውራት ጀመረች። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራቴን መብላት አልቻልኩም። በዓመቱ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ኤክስቴንሽን ተጠየቀ፣ አልተፈቀደም። እኔ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወርኩ፣ ፋይሏን ለባልደረባዬ አስረከብኩ። በመጀመሪያው ቀን ባልደረባዬ ስሟን ነግራት፣ ቁጭ ብላ፣ ቀለም አውጥታ እየጠበቀች ሳለ ልጅቷ ቀና ብላ አይታት "አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?" አለቻት።

ይቺ ባልደረባዬ በሽኝቱ ያለቀሰችው ናት። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ስንት ጊዜ የተሻለ ሥራ አግኝታ ትታዋለች። ደመወዝ ዘግይቶ ሁለት ወር ያለ ክፍያ ስትሠራም አልሄደችም። ሐኪም እረፊ ብሏት እንኳ አላረፈችም። "ያቺ ልጅ ምን ትላለች?" ነበር መልሷ። ሰው ሁሉ ይህንን ፍቅር ይለዋል። ፍቅርም ነው። ነገር ግን ድርጅቱ ሊሸከመው የሚገባውን ነገር አንዲት ሴት በትከሻዋ ተሸክማ 11 ዓመት ስትሄድ፣ እኛ ደግሞ ከጎን ቆመን ስናደንቅ እንደነበርም መካድ የለብንም።

ሰውን በወጉ ከፍሎ፣ በወጉ አደራጅቶ ትልቅ ሥራ መሥራት ይቻላል። ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የሚባለውን የልማት ድርጅት በ1972 የመሠረቱት ፋዝሌ ሐሰን አቤድ የሼል ነዳጅ ኩባንያ የሒሳብ ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ለንደን ያላቸውን ቤት ሸጠው ነው የጀመሩት። የሰውየው መስዋዕትነት ይነገራል፣ መነገሩም ደግ ነው። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረኝ በ1980ዎቹ የሠሩት ነው። ሕፃናት በተቅማጥ እየረገፉ ነበር። የብራክ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ጨውና ያልተጣራ ስኳር በውኃ በጥብጠው የሚሰጥ መድኃኒት እንዴት እንደሚያዘጋጁ አስተማሩ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤት ደርሰዋል። ሠራተኞቹ ይከፈላቸው ነበር። ክፍያው የሚወሰነውም ሌላ ሰው ቆይቶ ተመልሶ እናቶቹ ትምህርቱን ምን ያህል እንዳስታወሱ ከመዘነ በኋላ ነው። ማለትም ጥያቄው ስንት ቤት አንኳኳህ ሳይሆን እናትየዋ ያዘችው ወይ ነበር። በሁሉም ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ ይሠራል አልልም፣ ዝም ያለች ልጅን በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም። የምለው እነዚያ ሰዎች ሥራውን አክብረው አስበውበታል ነው። "ለነፍሳቸው ነው" ብለው ብቻ አልላኳቸውም።

የመንደር ጤና ሠራተኞችን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በብዙ አገር "በጎ ፈቃደኛ" የሚል ስም ተሰጥቷቸው ሙሉ ቀን የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ለሚሠሩት ሥራ የሚመጥን ክፍያ ይሰጣቸው ብሏል። ሴት ስለሆነች፣ ደግ ስለሆነች፣ ጎረቤቶቿን ስለምትወድ በነጻ ትሥራ ማለት ግፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አደጋውም የሚወድቀው ከታች ነው። ኦገስት 19 ቀን 2003 ባግዳድ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ በቦምብ ሲመታ 22 ሰዎች ሞቱ፣ ቀኑም የዓለም የሰብዓዊነት ቀን ተብሎ ይታሰባል። የዚያን ዕለት የሚለቀቁት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ የውጭ ዜጎችን ነው የሚያሳዩት። በየዓመቱ ከሚገደሉት የእርዳታ ሠራተኞች አብዛኞቹ ግን የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ትላልቅ ለጋሾችና ድርጅቶች በ2016 "ግራንድ ባርጌን" በሚባለው ስምምነት ከሰብዓዊ እርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው እስከ 2020 በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአካባቢ ድርጅቶች ይድረስ ብለው ነበር። አልደረሰም። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም፣ በኋላም ከእርዳታ ድርጅቱ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶ ያህሉ ተሰርዘዋል ሲባል፣ ሥራቸው በአንድ ኢሜይል የቆመ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። ማዳኛ መድኃኒት የሚያድሉ፣ የሕመምተኛ ስም ዝርዝር በእጃቸው የያዙ ሰዎች። ነገ ለዚያ ሕመምተኛ ምን ይበሉት? ሲደውልስ ስልኩን ማን ያንሳ?

ለእኛው አለቆች ደግሞ፣ በተለይ ድርጅቱን ከምንም ተነስታችሁ ላቋቋማችሁት። እንዴት እንደለፋችሁ አውቃለሁ። ቤታችሁን ቢሮ አድርጋችኋል፣ ዕቁባችሁን ለኪራይ ከፍላችኋል፣ ሌሊት ፕሮፖዛል ጽፋችኋል። ታዲያ እናንተ ያላረፋችሁት ሌላው እንዳያርፍ ምክንያት አይሁን። ሰው "ደከመኝ" ሲል "ተረጂዎቹ ካንተ ይብሳሉ" ትሉታላችሁ። እውነት ነው፣ ይብሳሉ። እሱም ያውቃል፣ ያውቃልና ነው ሳይናገር የቆየው። ይህ አነጋገር አፉን ያዘጋዋል እንጂ ድካሙን አያወርድለትም። የተቃጠለ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ የሚጮኸው በተረጂው ላይ ነው፣ የሚረሳው የተረጂውን ቀጠሮ ነው። በራሴ ደርሶብኛል። አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ነገር ስትጠይቀኝ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ብፈልግም ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም።

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ሠራተኛ ኮንትራቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሁን፣ ምክንያቱም እምነት በስድስት ወር አይገነባም። ደመወዙ የእርዳታው አካል ሆኖ ይመዝገብ። ሱፐርቪዥን ስትሉ ሪፖርት መቆጣጠር ብቻ አይሁን፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የከበደውን ኬዝ የሚያወራለት ልምድ ያለው ሰው ይኑር፤ ይሄ በሙያችን የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ ግን ጊዜ የለም እያልን አስቀርተነዋል። የሚለቅ ሰው በሰላም ይልቀቅ፣ "ከዳን" አይባል። ፋይል ርክክብ ቢያንስ አንድ ወር ይሁንና አዲሱና ነባሩ አብረው ልጁን ይጎብኙ። ለጋሾች ደግሞ ፕሮጀክት ስትዘጉ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ለልጆቹ መንገሪያ ጊዜ እንዲኖረን።

ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልጉ ወጣቶች ይጽፉልኛል፣ ልግባ ወይ ይላሉ። ግቡ እላቸዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ያቺ ልጅ ቀለሙን አስቀምጣ የተናገረችበትን ቀን በምንም አልለውጠውም። ግን ስትገቡ ኮንትራቱን አንብቡ፣ ደመወዛችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ማን ሱፐርቫይዝ እንደሚያደርጋችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

የባልደረባዬ ቦታ ማስታወቂያ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። የስድስት ወር ኮንትራት ይላል። ልጅቷ አሁንም እዚያው ናት። እባካችሁ፣ ቅጥሩ ሳይፈጸም ቀይሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ